አንድ የጥያቄ ምልክት ተረክቤአለሁ

ማረም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እርሻ ውስጥ ጎንበስ ብሎ በእጅ፣ ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብሎ በዓይን። የወገብ ሕመሙ ግን አንድ ነው። በዩኒቨርሲቲው ማተሚያ ቤት ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ላይ ሠላሳ አምስት ዓመት ጎንበስ ብላ የሰው ጽሑፍ ስታርም የኖረችውን ሴት ሁሉም ሰው «ወንፊት» ነው የሚላት። እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው ፋይሏን የያዘው ጸሐፊ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ካልተጠየቀ ትዝ አይለውም።

ስሙ እንዲያው በከንቱ አልወጣላትም። ነጠላ ሰረዝ እንኳ አታመልጣትም። ዶክተር ነኝ ብሎ ደረቱን ነፍቶ የገባ ደራሲ ረቂቁን ከእሷ እጅ ሲቀበል አንገቱን ደፍቶ ነው የሚወጣው። የመጸዳጃ ቤቱን ማስታወቂያ አርማለች። ለሠርግ ተጠርታ የጥሪ ካርዱን አርማ መልሳለች፤ ሙሽሮቹ ሦስት ልጅ ወልደውም እስከ ዛሬ አኩርፈዋታል። «ስህተት ካየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም» ትላለች። ውሸቷን አይደለም። ግን እንቅልፍ የሚነሳት ያየችው ስህተት ሳይሆን፣ አንድ ጊዜ በገዛ እጄ ሠርቼዋለሁ ብላ የምታስበው ስህተት ነው፤ እሱን ደግሞ ለማንም ተንፍሳ አታውቅም።

ያ ስህተት ነው እንግዲህ አንድ ማክሰኞ ጧት ተጽፎ ጠረጴዛዋ ላይ የመጣው።

ያመጣው ዳይሬክተሩ ነው። ወጣት ነው፣ ጎበዝ ነው፤ ጥፋቱ አንድ ብቻ ነው፣ ትልልቅ ቃል ይወዳል። «በሩን ክፈቱት» ለማለት «የተደራሽነት ማነቆውን እንፍታ» የሚል ሰው ነው።

«እትዬ፣ የምሥራች! የማተሚያ ቤታችን ታሪክ ተጽፎ አለቀ» አለና አንድ ክምር ወረቀት ፊቷ ዘረገፈው። «ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ። ዓርብ ይታተማል፣ ቅዳሜ በሠላሳ አምስተኛው ዓመት በዓል ላይ ይመረቃል። እርስዎ አንድ ጊዜ ብቻ በዓይንዎ ይለፉበት።»

«ማነው የጻፈው?»

«እኔው ነኝ።»

«እንግዲያው ቀይ እስክሪብቶ ሁለት ልያዝ።»

ዳይሬክተሩ ሳቀ። እሷ ግን መቀለዷ አልነበረም፤ እውነትም ሁለተኛውን እስክሪብቶ ከመሣቢያ አውጥታ ከአንደኛው ጎን አስቀመጠችው። አሥራ ስድስት ገጽ እየነቀለች፣ እየከረከመች ሄደች። አሥራ ሰባተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶው ቆመ።

«ማተሚያ ቤታችን በሩን ለዓለም የከፈተው በመጀመሪያው መጽሐፉ ላይ በተፈጸመ የአንድ ፊደል ለቃሚ ስህተት ነው» ይላል።

መስመሩን ደግማ አነበበችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሠላሳ አምስት ዓመት በፊት ማተሚያ ቤቱ ሲከፈት ኮምፒውተር የለ፣ ምን የለ። ጽሑፍ የሚደረደረው ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ ከእርሳስ የተቀረጹ ፊደሎች ከመሣቢያ አንድ በአንድ እየተለቀሙ። ለቃሚው ዝምተኛ ጎልማሳ ነበሩ፤ ጣታቸው ከዓመት ዓመት ጥቁር ስለሆነ «ጋሽ እርሳስ» ይሏቸዋል። ወንፊት ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ለሙከራ የተቀጠረች፣ ጥላዋን የምትፈራ ልጅ ነበረች።

የመጀመሪያው መጽሐፍ አንድ ፕሮፌሰር ስለ ጉድጓድ ውሃ አያያዝ የጻፉት ነው። እንደ ወጉ ሁለተኛው ገጽ ላይ «ይህን መጽሐፍ ያለ ፈቃድ ማባዛት ክልክል ነው» ተብሎ በአራት ነጥብ መዘጋት ነበረበት። ታትሞ ሲወጣ ግን በአራት ነጥቡ ቦታ ሌላ ነገር ተገትሯል፦

«ይህን መጽሐፍ ያለ ፈቃድ ማባዛት ክልክል ነው?»

አንድ ሺህ ቅጂ! ማንም አላየውም። መጽሐፉ በየአገሩ ተልኮ ካለቀ በኋላ፣ በሁለተኛው ወር ገደማ፣ ደብዳቤ ይጎርፍ ጀመር። ሰው ሲጠየቅ ይመልሳላ!

አንድ ርዕሰ መምህር እንዲህ ሲሉ ጻፉ፦ «ጥያቄያችሁ ደርሶናል። የመምህራን ስብሰባ ጠርተን በሰፊው ከተወያየን በኋላ፣ በአሥራ አንድ ድምፅ ለሁለት ክልክል አይደለም ብለን ወስነናል። በዚሁ መሠረት አርባ ቅጂ አባዝተናል። ሁለቱ ተቃዋሚዎችም አንዳንድ ወስደዋል።» አንዲት አዋላጅ ነርስ ደግሞ፦ «ማባዣ ማሽን ስለሌለን ተቀባብለን በእጅ ገልብጠነዋል። በእጅም ክልክል ነው? እሱን ግልጽ አድርጉልን።» አንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፦ «በሕግ ክልክል ነው። የእኔን ግን እኔ ሳላይ ባለቤቴ አባዝታዋለች።»

ከሁሉም የባሰው፣ ወይም የተሻለው፣ የአንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ደብዳቤ ነው። ሰውየው የተባዛ ቅጂ እጁ ገብቶ በልጁ አስነብቦ ኖሯል። «ስለ ማባዛቱ እናንተ ታውቃላችሁ» አለ። «ግን ገጽ አርባ ሦስት ላይ ያለው ልክ ትክክል አይደለም። መጸዳጃው ለጉድጓዱ እንደዚያ ከቀረበ ሰው ይታመማል። ላነበበው ሁሉ ንገሩልኝ።» ፕሮፌሰሩ ተናደው መለኪያ ይዘው ሄዱ፤ ለክተውም ራሳቸውን እየነቀነቁ ተመለሱ። ቆፋሪው ልክ ነበር።

ቦርዱ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ጠረጴዛ እየደበደቡ «መሳቂያ ሆንን!» ሲሉ፣ ፕሮፌሰሩ ብድግ ብለው «ያ የጥያቄ ምልክት ባይኖር ያ ሰው አይጽፍልኝም ነበር። ሰው በእኔ መጽሐፍ ይታመም ነበር። ጠይቀናል፣ መልስ መጥቶልናል፤ አሁን እኛም እንመልስ» አሉ። ሁለት ቀን ተጨቃጨቁ። ሁለተኛው እትም ሲወጣ ከጥያቄው ሥር አንዲት ቃል ተጨመረች፦ «አይደለም።»

ከዚያ ወዲህ ማተሚያ ቤቱ ያሳተመው መጽሐፍ ሁሉ ሁለተኛ ገጹ ላይ ያችን ጥያቄና ያችን መልስ ይዞ ይወጣል። እርሳሱ ቀረ፣ ኮምፒውተር መጣ፤ ኢንተርኔት ሲመጣ ሌሎች አሳታሚዎች ቁልፍ ፍለጋ ሲሯሯጡ እዚህ ቤት የሚቆለፍ ነገር አልነበረም። መጽሐፉ ሁሉ ለፈለገ ሰው ተለቀቀ። ዛሬ ሰዉ «ክፍት ሕትመት» ይለዋል፣ ከሩቅ አገር መጥተው ይጎበኙታል። የቤቱ ዓርማም የጥያቄ ምልክት ነው፤ በሩ ላይ የሰው ቁመት የሚያህል ተሰቅሏል። አዲስ ተማሪ መረጃ ክፍል ይመስለውና «ሬጅስትራር የት ነው?» እያለ ይገባል።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም የሚያውቀው ታሪክ ነው። የማያውቁት ይሄ ነው።

በአራሚና በለቃሚ መካከል ሕግ አለ። አራሚ ጠርዙ ላይ ምልክት ስታደርግ ክብ ካላደረገችበት ትእዛዝ ነው፤ ለቃሚው እንዳየው ይለቅመዋል። ክብ ካደረገችበት ግን ጥያቄ ነው፤ «ደራሲው ይጠየቅ» ማለት ነው፣ ለቃሚው አይነካውም። ያኔ ያቺ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ የፕሮፌሰሩን መቅድም ስታነብ «ይህ መጽሐፍ ለሁሉም ይድረስ» ይላል። ገጹን ገለጥ ስታደርግ ደግሞ ክልክል ነው ይላል። እንዴት ነው ነገሩ? አለችና ጠርዙ ላይ የጥያቄ ምልክት አደረገች፤ ፕሮፌሰሩ እንዲጠየቁ። ደብዳቤዎቹ መጥተው ምልክቱ መታተሙ ሲታወቅ፣ ክቡን ረስቻለሁ ማለት ነው፣ አለች።

በዚያ በቦርዱ ስብሰባ የመጀመሪያ ቀን ሁለቱ ተጠሩ፤ እሷና ጋሽ እርሳስ። ሰብሳቢው «ማነው?» አሉ። ምላሷ ከትናጋዋ ተጣበቀ። ጋሽ እርሳስ «የለቀምኩት እኔ ነኝ» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ፋይላቸው ላይ «ስህተት» ተብሎ ተጻፈ፣ ከፊደል መሣቢያቸው ተነሥተው መጋዘን ጠባቂ ሆኑ። ጡረታ እስኪወጡ አሥራ አምስት ዓመት እዚያው ቆዩ። እሷ አሥራ አምስቱንም ዓመት በመጋዘኑ በር ላለማለፍ በጓሮው ደረጃ ስትወጣ ስትወርድ ኖረች። እንደ ወንፊት ጥብቅ ያደረጋትም ሌላ አይደለም፤ ያቺን አንዲት ክብ ስትፈልግ ነው።

ዳይሬክተሩ ይህን ሁሉ አያውቅም። ረቡዕ ጧት ተመልሶ መጣና «እትዬ፣ አንድ ውለታ ይዋሉልኝ» አለ። «ጋሽ እርሳስን ለቅዳሜው በክብር እንግድነት ጠርተናቸው ነበር። የምስክር ወረቀትም አሠርተናል፤ ‹የወርቃማው ስህተት ሽልማት› የሚል። በወርቅ ቀለም! እሳቸው ግን ምን ብለው ቢመልሱ ጥሩ ነው?»

ከኪሱ የታጠፈች ወረቀት አወጣ። ጽሕፈቱ እንደ ማተሚያ ፊደል ተራ የያዘ ነው፦ «ስህተት ሠርቼ አላውቅም። አልመጣም።»

«ምን ዓይነት ደረቅ ሰው ናቸው! ልናከብራቸው እኮ ነው» አለ ዳይሬክተሩ። «እርስዎ አብረዋቸው ሠርተዋል፣ እባክዎ ሄደው ያሳምኑልኝ። እሳቸው ካልመጡ በዓሉ ጨው የሌለው ወጥ ነው።»

ወንፊት «እሺ» አለች።

ከሥራ በኋላ ሄደች። ቤቱ ከልብስ ሰፊው ሱቅ አጠገብ፣ ሰማያዊ በር ያለው ነው። የከፈቱላት የጋሽ እርሳስ ባለቤት ናቸው፤ ቀጭን፣ ዓይናቸው የማያርፍ አሮጊት።

«ከየት ልበል?»

«ከማተሚያ ቤቱ ነኝ፣ እትዬ።»

«ስህተት ፈልገሽ ከሆነ የመጣሽው እዚህ ቤት አልቋል» አሉ በሩን ግማሽ እንደያዙ። «ለሌላ ከሆነ ግቢ።»

ጋሽ እርሳስ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው፣ ጭናቸው ላይ ሰፌድ አድርገው ምስር ይለቅማሉ። ሰማንያ ሞልቷቸዋል፤ ጣታቸው ግን አሁንም እንደዚያ ጊዜው ነው፣ ጠጠሩን ወደ ግራ፣ ምስሩን ወደ ቀኝ፣ ዓይን እስኪያጭበረብር ድረስ። ቀና ብለው አዩዋትና «ሁለተኛ ፎቅ» አሉ። ያወቋት በፎቋ ነው።

ሻይ ቀረበላት። አልነካችውም። መግቢያ አዘጋጅታ ነበር፣ በመንገድ ላይ ሦስት ጊዜ አርማው ነበር፤ ሁሉም ጠፋባት።

«ጋሼ፣ ያ የጥያቄ ምልክት የእኔ ነው» አለች። «ክብ ማድረግ ረስቼ ነው። እርስዎ የታዘዙትን ነው የለቀሙት። ማነው ሲባል እኔ መናገር ነበረብኝ። ፈራሁ። እንዳያባርሩኝ ፈራሁና ዝም አልኩ፤ ይሄው ሠላሳ አምስት ዓመት ዝም እንዳልኩ ነኝ።» ከዚያ በላይ አልቻለችም፤ እንባዋ ሻዩ ላይ ተንጠባጠበ።

እትዬ ወደ ባላቸው ዞሩ። ጋሽ እርሳስ አንዲት ጠጠር ወደ ግራ ወረወሩ።

«ክቡን ረሳሽ ያለሽ ማነው?»

«ኧረ ማንም። እኔው ነኝ እንጂ...»

ተነሡ። ከአልጋው ሥር የብስኩት ቆርቆሮ ጎትተው አወጡ። ከውስጡ አንድ የደበዘዘ ገጽ አንሥተው ፊቷ ዘረጉት። ጠርዙ ላይ በሰማያዊ እርሳስ የተጻፈ የጥያቄ ምልክት አለ። ዙሪያውን ደግሞ ክብ። እንቁላል የመሰለ፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ ያዞረው ክብ፤ ግን ክብ ነው፣ ገጥሟል።

ወንፊት መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች። «ክብ አለው» አለች።

«አለው።»

«እንግዲያው ጥያቄ መሆኑን...»

«ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት በሌላ ማተሚያ ቤት ሃያ ዓመት የለቀምኩ ሰው ጥያቄና ትእዛዝ ይጠፋኛል እንዴ?»

«ታዲያ ለምን ለቀሙት?»

«ጥያቄው ጥሩ ነበራ!» አሉ ጋሽ እርሳስ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ፈገግ አሉ። «ስሚ፣ እኔ ፊደል የቆጠርኩት ታላቅ ወንድሜ በእጁ ከገለበጠው መጽሐፍ ነው። ሌላ አልነበረንም። ያን ቀን አንድ ሰው መጥቶ ‹ክልክል ነው› ቢለው ኖሮ እኔ ፊደል ለቃሚ ሳይሆን ድንጋይ ለቃሚ ሆኜ እቀር ነበር። ያችን መስመር በየመጽሐፉ ስለቅማት ሁሌ እጄን ትበላኝ ነበር። አንዲት ልጅ መጣችና ጠየቀችልኝ። ተመስገን ብዬ ለቀምኩት።»

«በስህተት አይደለማ» አለች ወንፊት፣ ቀስ ብላ።

«እሱን ወረቀት አሳያት» አሉ እትዬ። «ከጋብቻ ወረቀታችን አብልጦ የሚጠብቀውን።»

ከቆርቆሮው ሁለተኛ ወረቀት ወጣ። ጋሽ እርሳስ ሳይሰጧት በፊት አስረዱ። የምድር ቤቱ ፊደል ሣጥን የጥያቄ ምልክት አልነበረውም። ፕሮፌሰሮች አይጠይቁማ፣ ይናገራሉ እንጂ! የጥያቄ ምልክት ያለው ሦስተኛ ፎቅ፣ የፈተና ማተሚያው ክፍል ብቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ ለምስጢር ተብሎ ያለ ፊርማ መርፌ አይወጣም። ስለዚህ ጋሽ እርሳስ ሦስት ፎቅ ወጡ፣ ጠባቂውን ከምሳው አስነሡ፣ ፈረሙ፣ ሦስት ፎቅ ወረዱ። ወረቀቱ የርክክብ ደረሰኝ ነው፤ ማኅተም አለበት፣ ቀን አለበት።

«አንድ የጥያቄ ምልክት፣ መጠኑ አሥር፣ በመልካም ሁኔታ ላይ ያለ፣ ቆጥሬ ተረክቤአለሁ።»

ወንፊት አነበበችው። ደግማ አነበበችው። መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሳቋ አመለጣት፤ እንባዋ ገና ሳይደርቅ። «ቆጥሬ!» አለች። «አንዱን ቆጥረው!»

«ሕግ ነው፣ ይቆጠራል» አሉ ጋሽ እርሳስ ኮስተር ብለው። «በስህተት ሦስት ፎቅ ወጥቶ በስህተት ፈርሞ የሚመለስ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ለምን ለቦርዱ አልነገሩም?»

«ሆን ብዬ ነው ብል እኔን ያባርራሉ። ምልክቱ ከአራሚዋ ነው ብል አንቺን ያባርራሉ። ስለዚህ የለቀምኩት እኔ ነኝ አልኩ፤ እውነት ነው። ስህተት የሚለውን የጨመሩት እነሱ ናቸው።» ሰፌዱን ወደ ጎን አደረጉት። «መጋዘኑ አልከፋኝም። ደብዳቤ ለጻፈ ሁሉ መጽሐፍ አሽጌ የላክሁት እዚያ ሆኜ ነው። ያቺ ቃል ግን እዚህ ጋ ናት» አሉ ደረታቸውን እየነኩ። «በሥራ ዘመኔ አንድ ፊደል ገልብጬ አላውቅም። አንድ! አሁን ደግሞ በወርቅ ቀለም ሊጽፉልኝ ነው አሉ። ልጆቼ ‹አባታችሁ በምን ይታወቃሉ?› ሲባሉ ‹በስህተታቸው› ይበሉ?»

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» አሉ እትዬ፤ ድምፃቸው አሁን ለስልሷል።

«በአንቺም ግን አዝኛለሁ» አሉ ጋሽ እርሳስ። «ዝም በማለትሽ አይደለም፤ ልጅ ነበርሽ። አንድ ቀን እንኳ መጋዘን ወርደሽ ‹ለምን ለቀሙት?› ብለሽ አለመጠየቅሽ ነው። ጠያቂ ናት ብዬ ነበር እኮ።»

ወንፊት ሻዩን በአንድ ትንፋሽ ጠጣችው፤ በርዷል። «ስህተት የሚለውን ቃል ነቅዬ ካወጣሁ ይመጣሉ?» አለች።

«ተነቅሎ ካየሁ እመጣለሁ።»

ሐሙስ ጧት ደረሰኙን ዳይሬክተሩ ፊት አስቀመጠች። ዳይሬክተሩ አነበበ፣ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተንጋሎ ሳቀ፣ ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «ኧረ እትዬ! ምዕራፉ ሁሉ የተገነባው በስህተቱ ላይ ነው እኮ። ሰው ስህተት ይወዳል! ደግሞ ገጾቹ ተደርድረው አልቀዋል። አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨመር መስመሩ ይሸሻል፣ መስመሩ ሲሸሽ ገጹ ይሸሻል፣ ማውጫው ይፈርሳል። ነገ እኮ ነው የሚታተመው።»

«ስህተት ስንት ፊደል ነው?»

በጣቱ ቆጠረ። «አራት።»

«ድፍረት ስንት ነው?»

እንደገና ቆጠረ። ጣቱ አራተኛው ላይ ቀረ።

«አራት ፊደል አውጣ፣ አራት ፊደል አግባ። አንድ መስመር ቢነቃነቅ እኔ ልባረር» አለች።

ዳይሬክተሩ ደረሰኙን ደግሞ አየ። «በመልካም ሁኔታ ላይ ያለ» አለ ለራሱ፣ እና ራሱን ነቀነቀ። ትልልቅ ቃል ይወድዳል እንጂ ክፉ ልጅ አይደለም። ሃያ ዘጠኝ ቦታ ላይ ስህተት ወጥቶ ድፍረት ገባ። ወንፊት አጠገቡ ቆማ አንድ በአንድ ቆጠረች። ስለ ራሷ ዝምታ ግን ትንፍሽ አላለችም። መስመሩ ይሸሻል ብላ ራሷን አታለለች፤ ማታውን ለጋሽ እርሳስ ደውላ «ተነቅሏል» አለቻቸው።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ጋሽ እርሳስ ጥቁር ሱፋቸውን ለብሰው፣ ከባለቤታቸው ጋር ፊት ለፊት ተቀመጡ። አዲሱን መጽሐፍ ገጽ አሥራ ሰባት ላይ ከፍተው፣ አፍንጫቸው ወረቀቱን እስኪነካ ተጠግተው አነበቡና በእርካታ ከደኑት። ወንፊት ሦስት ወንበር ራቅ ብላ ታያቸዋለች፤ ደስ ብሏታል። እዚህ ላይ ቢያልቅ ምን ነበረበት!

ዳይሬክተሩ መድረክ ላይ ወጣ። ብዙ ትልልቅ ቃል ተናገረ። ከዚያ በመስታወት የተከደነውን የምስክር ወረቀት አነሣና «እነሆ የክብር እንግዳችን፣ ይህን...» ብሎ ጮክ ብሎ አነበበ፤ «የወርቃማው ስህተት...»

የምስክር ወረቀቱ! ከሳምንት በፊት የታዘዘ ነው። ማንም አላረመውም። መጽሐፉን ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ያበጠረችው ወንፊት ያቺን አንዲት ወረቀት ረስታታለች።

አዳራሹ አጨበጨበ። ጋሽ እርሳስ የመድረኩ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ደርሰው ነበር። ቆሙ። ጭብጨባው አልቆመም፤ ሰዉ ምን ያውቃል። ጋሽ እርሳስ ቀስ ብለው ዞሩ፣ አንድ ደረጃ ወረዱ። ዳይሬክተሩ ወረቀቱን እንደያዘ በድንጋጤ ደርቆ ቀረ።

ወንፊት ምላሷ ከትናጋዋ ሲጣበቅ ተሰማት። ያው ምላስ፣ ያው ትናጋ። እነዚያው ጋሽ እርሳስ ፊቷ ቆመዋል፣ ልክ እንደዚያ የቦርዱ ቀን።

«ድፍረት!» አለች።

ጮኸች ማለት ይሻላል። ጭብጨባው ተቋረጠ። ሰው ሁሉ ዞረ።

«ድፍረት ነው የሚለው!» ብድግ ብላለች። «ተሳስቶ ነው የታተመው። እሳቸው አልተሳሳቱም። ጥያቄውን ጠርዙ ላይ ያደረግሁት እኔ ነኝ። እሳቸው ደግሞ ጥያቄ መሆኑን አውቀው፣ ሦስት ፎቅ ወጥተው፣ ፈርመው ነው ያመጡት። ቦርዱ ማነው ሲል ዝም ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። በእሳቸው ስም ነው ሠላሳ አምስት ዓመት እዚህ የተቀመጥኩት። ወንፊት ትሉኛላችሁ፤ ትልቁን ነገር ያሳለፍኩት እኔ ነኝ።»

ወደ መድረኩ ሄደች። በጋሽ እርሳስ በኩል አልፋ ወጣች፣ ከዳይሬክተሩ እጅ የምስክር ወረቀቱን ተቀበለች፣ መስታወቱን ገልጣ ወረቀቱን አወጣች። ቀይ እስክሪብቶዋ እንደ ሁልጊዜው ፀጉሯ ውስጥ ተሰክቷል። በወርቅ ቀለም የተጻፈችውን ቃል በአንድ መስመር ሰረዘችና ከላይዋ አራት ፊደል ጻፈች። ክብ አላደረገችበትም። ይሄ ጥያቄ አይደለም።

ከዚያ ደረጃውን ወርዳ ለጋሽ እርሳስ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።

ጋሽ እርሳስ መነጽራቸውን አስተካከሉ። ፊደሎቹን በጣታቸው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብለው ነኳቸው።

«ዘገየሽ እንጂ» አሉ በመጨረሻ፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «አረምሽው።»

እስክሪብቶዋን ለመኗት። ሰጠቻቸው። ጎንበስ ብለው ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስደገፉና፣ ያንን ተራ የያዘ ጽሕፈታቸውን ከታች ጥግ ላይ አሰፈሩ፦ «አንድ ድፍረት፣ ቆጥሬ ተረክቤአለሁ።» ፈረሙበትም።